ጤነኛ አውሮፕላን ተራራ ሲመታ

ጁላይ 31 ቀን 1992 ከባንኮክ የተነሳ የታይ ኤርዌይስ ኤርባስ 310 ካትማንዱ ለማረፍ ከደቡብ በኩል እየተቃረበ ነበር። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጊዜው ኔፓል ላይ ክረምቱ የጠናበት፣ ሸለቆውን ደመና የሚሞላበት ወቅት ነው። አብራሪዎቹ ለማረፍ ሲሰናዱ ፍላፑ አስቸገረ። ፍላፕ አውሮፕላኑ ፍጥነቱን ሲቀንስ ከክንፉ ጀርባ ወጥቶ ወደ ታች የሚዘረጋ ክፍል ነው፤ በዝግታ እየበረሩም ሳይወድቁ ለመቆየት ያስችላል። እክሉ ብዙም ሳይቆይ ተስተካከለ። ሌላ ከተማ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ካትማንዱ ላይ ግን አውሮፕላኑ በዚያች አጭር ጊዜ መውረድ ሲገባው ሳይወርድ ቀረ፤ ካለበት ከፍታ ተነስቶ ወደ ማኮብኮቢያው ለመድረስ ደግሞ ቁልቁለቱ ከሚቻለው በላይ ሆነ። ዋናው አብራሪ ወደ ግራ ዞሮ ወደ ደቡብ ተመልሶ እንደገና ለመጀመር ፈቃድ ጠየቀ። አራት ጊዜ ጠየቀ። የመቆጣጠሪያ ማማው ላይ የነበረው ባለሙያ በሥራው ገና ለጋ ነበር፤ የሚነጋገሩትም ለሁለቱም የአፍ መፍቻ ባልሆነ ቋንቋ ነው። ቁርጥ ያለ መልስ አልመጣም። በመጨረሻ አብራሪው ወደ ቀኝ እየዞረ መሆኑን አስታውቆ ሽቅብ ወጣ።

ተቆጣጣሪው ከሰማው ተነስቶ አውሮፕላኑ ማረፉን ትቶ ወደ ደቡብ እየተመለሰ ነው ብሎ ገመተ። ስለዚህ ለደቡቡ የሚበቃ ከፍታ ፈቀደለት፦ 11,500 ጫማ፣ ማለትም 3,500 ሜትር ገደማ። ከማረፊያው በስተደቡብ በዚህ ከፍታ የሚበር አውሮፕላን የሚነካው ነገር የለም። ይህኛው ግን እየዞረ ክቡን ሙሉ ለሙሉ ጨርሶ ነበር። ማረፊያውን ከላይ አቋርጦ ፊቱን ወደ ሰሜን፣ ወደ ሂማላያ አዙሯል። በዚያን ጊዜ ካትማንዱ ራዳር አልነበራትም፤ ተቆጣጣሪው አውሮፕላኑ የት እንዳለ የሚያውቀው አብራሪው በነገረው ልክ ብቻ ነው። አብራሪዎቹም ከደመናው በቀር የሚያዩት የለም። ከከተማዋ 37 ኪሎ ሜትር ያህል በስተሰሜን፣ ላንግታንግ በሚባለው ተራራማ አካባቢ አውሮፕላኑ ቀጥ ካለ ገደል ጋር ተላተመ። በውስጡ የነበሩት 113 ሰዎች በሙሉ አለቁ።

የዚህን አደጋ ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚያንገበግበኝ ያ የ11,500 ጫማ ቁጥር ነው። ተቆጣጣሪው ትክክለኛ ቁጥር ሰጠ፤ አብራሪውም የተሰጠውን ቁጥር በትክክል ያዘ። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ከፍታ ተስማምተው በአቅጣጫ ተለያዩ። በሜዳማ አገር ላይ እንዲህ ያለ አለመግባባት ሊያስከትል የሚችለው የጥቂት ደቂቃ መዘግየትና የአንድ አለቃ ቁጣ ነው።

የአቪዬሽን ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን አደጋ ለብቻው ይመድቡታል። ሞተሩ ይሠራል፣ ክንፉ ደህና ነው፣ መሪው ይታዘዛል፣ አብራሪውም ነቅቶ እያበረረ ነው። አውሮፕላኑ በሰው ቁጥጥር ሥር እንዳለ ከመሬት ጋር ይጋጫል፤ ብዙ ጊዜ በመስኮቱ ተራራው የሚታየው መዞር በማይቻልበት ሰዓት ነው። የጎደለው ነገር ቢኖር የት እንዳሉ ማወቅ ብቻ ነው።

ከ59 ቀን በኋላ፣ ሴፕቴምበር 28፣ ከካራቺ የተነሳ የፓኪስታን ዓለም አቀፍ አየር መንገድ ኤርባስ 300 ወደዚያው ከተማ ከደቡብ ሲቃረብ ኮረብታ መታ። 167 ሰዎች ተሳፍረው ነበር፤ አንድም አልተረፈም። በኔፓል ምድር ከዚህ የከፋ የአውሮፕላን አደጋ ደርሶ አያውቅም። የዚህኛው ስህተት ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ወደ ካትማንዱ የሚወስደው የአቀራረብ መስመር በእርከን የተሠራ ነው፦ ከማረፊያው ይህን ያህል ማይል ላይ ስትደርስ እስከዚህ ከፍታ ውረድ፣ ከዚያ በታች ግን አትሂድ፤ ወደሚቀጥለው ነጥብ ስትደርስ ደግሞ እስከዚህ። እያንዳንዷ እርከን ከሥሯ ባለው ኮረብታ ልክ የተሰላች ናት። የፓኪስታኑ አውሮፕላን ከሚገባው አንድ እርከን ቀድሞ ነበር፤ ደረጃ በጨለማ ሲወርድ ቆጠራው እንደተሳሳተበት ሰው፣ ለሚቀጥለው ነጥብ የተመደበውን ከፍታ ገና ካሁኑ ያዘው። ኮረብታውን ደመና ሸፍኖታል።

ምርመራው ጥፋቱን በአብራሪዎቹ ስህተት ላይ ቢያሳርፍም እዚያ ላይ አልቆመም። ለአብራሪዎች የሚታደለው የአቀራረብ ካርታ ግልጽነት ይጎድለው ነበር። አንዳንድ ተቆጣጣሪዎችም በራሳቸው ስለማይተማመኑ በአብራሪ ሥራ ጣልቃ መግባት፣ «ዝቅ ብለሃልና ውጣ» ማለት ይከብዳቸው ነበር። ይሉኝታን ለምናውቅ ለእኛ ይህ ለመረዳት አያስቸግርም። ባለ ብዙ ኮከቡ ካፒቴን ከትልቅ አገር ትልቅ አውሮፕላን ይዞ መጥቷል፤ ማማው ላይ ያለው ወጣት ማን ሆኖ ነው እሱን የሚያርመው? ግን ይሉኝታ ነፍስ የሚያስከፍልበት ሥራ ቢኖር ይኼኛው ነው። የዛሬ የአብራሪዎችና የተቆጣጣሪዎች ሥልጠና ትልቁን ሰው ፊት ለፊት ማረምን እንደ አንድ ራሱን የቻለ ሙያ የሚያስተምረው በእንዲህ ያለ አደጋ የሞቱ ሰዎች ስለበዙ ነው።

ሰው «ተራራማ አገር ለአውሮፕላን አደገኛ ነው» ሲል መጀመሪያ የሚያስበው ከፍታውን ነው። ከፍታው በእርግጥ ዋጋ ያስከፍላል። ክንፍ የሚያነሳው አየርን ገፍቶ ነው፤ ሽቅብ በወጡ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ያለው የቦሌ አየር ከባሕር ዳርቻው አየር በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ክንፉ ላይ ያንኑ ያህል አየር ለማግኘት መሬት ላይ 12 በመቶ ያህል ፈጥኖ መሮጥ አለበት። ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ ስስ አየር ስለሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል። ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚመላለሱ ኢትዮጵያውያን ውጤቱን በአካል ያውቁታል፤ ለረጅም ዓመታት የሄደው አውሮፕላን ነዳጅ ለመሙላት መንገድ ላይ ሲያርፍ የተመለሰው ግን በቀጥታ ይገባ ነበር። የነፋሱ አቅጣጫም ድርሻ አለው፤ ነገር ግን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ ከቦሌ መነሳት ከዋሽንግተን እንደመነሳት አይቀልም።

ካትማንዱ ግን ያለችው 1,338 ሜትር ላይ ነው። ቦሌ ከካትማንዱ በአንድ ሺህ ሜትር ያህል ይበልጣል! ታላላቅ አውሮፕላኖች ሌት ተቀን ይነሱበታል፤ 3,800 ሜትር የሚደርስ ማኮብኮቢያ አለው፤ እንጦጦ በስተሰሜን ቢቆምም ማኮብኮቢያዎቹ ወደ እሱ አይጠቁሙም። የሳሳ አየር በሂሳብ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ጭነቱን ቀንሰህ፣ ማኮብኮቢያውን አርዝመህ ትከፍለዋለህ። የኔፓልን በረራ የሚያከብደው ሌላ ነው፦ ተራራው ቅርብ መሆኑ፣ ደመናው በድንገት መዝጋቱ፣ ነፋሱ በሰዓት መለዋወጡ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስህተት ሠርቶ ለማረም የሚሆን ቦታና ጊዜ አለመኖሩ። የአውሮፕላን ደህንነት የሚባለው ጥበብ በሙሉ ይህችን የማረሚያ ጊዜ ለማግኘት የሚደረግ ጥረት ነው ብል አላጋነንኩም።

ከፖካራ ወደ ጆምሶም የሚደረገውን በረራ እንመልከት። ሃያ ደቂቃ ያህል ነው የሚፈጀው። መንገዱ የካሊ ጋንዳኪን ወንዝ ሸለቆ ተከትሎ በ8,167 ሜትሩ ዳውላጊሪና በ8,091 ሜትሩ አናፑርና መካከል ያልፋል። ይህን የሚበሩት ትናንሾቹ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኖች ከተራሮቹ አናት በላይ አይወጡም፤ በሸለቆው ውስጥ፣ በግድግዳዎቹ መሃል ነው የሚሄዱት። ጠዋት አየሩ ጸጥ ያለ ነው። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ከሸለቆው በስተሰሜን ያለው የሙስታንግ ደረቅ አምባ ይሞቃል፣ የሞቀው አየር ይነሳል፣ በቦታው ለመተካት ከደቡብ የሚመጣው አየር በጠባቡ ሸለቆ ተጨናንቆ እያፏጨ ይገባል። ከረፋድ በኋላ ነፋሱ ትንንሽ አውሮፕላን የሚያንገላታ ስለሚሆን የጆምሶም በረራ የጠዋት ሥራ ነው። ጠዋት ላይ ደመና ካለ ታዲያ አብራሪው ከሁለት አንዱን መምረጥ አለበት፦ ደመናው እስኪገለጥ ጠብቆ ነፋሱ ላይ መድረስ፣ ወይም ቀዳዳ ፈልጎ አሁኑኑ መሄድ። መንገደኞቹ ሻንጣቸውን አስረክበው ቆመዋል። ነገም እንዲሁ ደመና ሊሆን ይችላል።

በዚህ መስመር የሚበረረው በዓይን ነው። ሕጉ ግልጽ ነው፤ አብራሪው መሬቱን እያየ መሄድ አለበት፣ ደመና ውስጥ መግባት የለበትም። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2016 የታራ ኤር ትዊን ኦተር ወደ ጆምሶም ሲሄድ በተደጋጋሚ ደመና ውስጥ ገባ፣ ከመስመሩ ወጣ፣ ተራራ መታ። 23 ሰው ሞተ። ሜይ 29 ቀን 2022 የዚያው ኩባንያ ሌላ ትዊን ኦተር፣ በዚያው መስመር፣ ደመና ውስጥ፣ ተራራ መታ። 22 ሰው ሞተ።

እነዚህን ሁለቱን ለየት የሚያደርጋቸው በ1992 በዚህ መልኩ ያልነበረ የተራራ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ በመካከል መምጣቱ ነው። ዶን ቤትማን የሚባሉ ካናዳ የተወለዱ መሐንዲስ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ መሣሪያ ነው። የመጀመሪያው ስሪት አውሮፕላኑ ወደ ታች በሚልከው የሬዲዮ ሞገድ ከመሬቱ ያለውን ርቀት ለክቶ መሬቱ በፍጥነት ሲቀርብ አብራሪውን በድምፅ ያስጠነቅቃል። በ1974 ዋሽንግተን አቅራቢያ አንድ የቲደብልዩኤ አውሮፕላን ኮረብታ መትቶ 92 ሰው ከሞተ በኋላ አሜሪካ አየር መንገዶቿን ይህን መሣሪያ እንዲገጥሙ አስገደደች። አደጋው በእርግጥም ቀነሰ። ግን አንድ ቀዳዳ ቀረ። መሣሪያው የሚያየው ወደ ታች ብቻ ነው። ቀጥ ያለ ገደል ፊት ለፊት ቢመጣ ከሥር ያለው መሬት ከፍ ማለት እስኪጀምር ድረስ ምንም አያውቅም፤ ያኔ ደግሞ ጊዜው አልፏል። በፓኪስታኑ አውሮፕላን ላይ የሆነው ይኸው ነው፤ ኮረብታው ከመጠን በላይ ቀጥ ያለ ስለነበር ማስጠንቀቂያው በጊዜ አልደረሰም።

የቤትማን ቡድን ቀጥሎ ያደረገው አውሮፕላኑን የዓለምን ተራሮች በሙሉ እንዲያስታውስ ማድረግ ነው። በሳተላይት ያለበትን ቦታ ይለያል፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ካለው የመሬት ገጽታ ካርታ ጋር ያስተያያል፣ ከፊት ያለውን ተራራ ከሩቁ ያስጠነቅቃል። ችግሩ የብዙ አገሮች ዝርዝር ካርታ የጦር ሚስጥር መሆኑ ነበር። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ወታደራዊ ካርታዎቿ ለገበያ ወጡና ቡድኑ ገዛቸው። በቀዝቃዛው ጦርነት ለጦር ሠራዊት የተሠራ ካርታ መንገደኛን ከተራራ ማዳኛ ሆነ፤ በቴክኖሎጂ ታሪክ ውስጥ እንደዚህ ደስ የሚያሰኘኝ ነገር ጥቂት ነው። ዲሴምበር 20 ቀን 1995 አንድ የአሜሪካን ኤርላይንስ ቦይንግ 757 ኮሎምቢያ ውስጥ ካሊ ከተማ አጠገብ በሌሊት ተራራ መትቶ 159 ሰዎች ሲሞቱ የአዲሱ መሣሪያ አስፈላጊነት ማከራከሩን አቆመ። ዛሬ በትልልቅ አውሮፕላኖች ላይ ይህ ዓይነቱ አደጋ ብርቅ ሆኗል። ቤትማን በ2023 አረፉ።

ወደ ጆምሶም እንመለስ። በ2016ቱ ትዊን ኦተር ላይ ይህ መሣሪያ ነበር። አስጠነቀቀ፤ አብራሪዎቹ ግን ለማስጠንቀቂያው ጆሮ እንዳልሰጡ የምርመራ ኮሚሽኑ ጽፏል። በ2022ቱ ላይም ነበር። እሱ ደግሞ ጠፍቶ ነበር፤ ያጠፉት ራሳቸው አብራሪዎቹ ናቸው።

ይህን የሚሰማ ሰው «እብዶች ናቸው እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። አይደሉም። በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ግድግዳው ሁልጊዜ ቅርብ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ምንም በሌለበት ጥርት ባለ ቀንም ይጮኻል፤ በየቀኑ፣ በእያንዳንዱ በረራ ይጮኻል። ሰው የለመደውን ጩኸት መስማት ያቆማል። ሐኪም ቤት ውስጥ በየደቂቃው የሚጮኽ መሣሪያ ያለባቸው ነርሶችም ይህን ያውቁታል። ጥፋቱ ያለው አደጋው በደረሰበት ቀን ላይ ብቻ አይደለም፤ አብራሪዎች ማስጠንቀቂያውን እያጠፉ በሰላም በተመለሱባቸው ቀናት ሁሉ ላይ ነው። ያን ጊዜ ኩባንያው የበረራ መረጃውን አውርዶ አይቶ ቢሆን፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ጠይቆ ቢሆን፣ ነገሩ ሰው ከመሞቱ በፊት ይታወቅ ነበር። የሟች አብራሪን ስም አንስቶ ፋይል መዝጋት ቀላል ነው። ሟች አይከራከርም።

ኢትዮጵያም ይህን ዓይነቱን ሐዘን ታውቀዋለች። ኦገስት 7 ቀን 1989 የቴክሳሱን የምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድን የያዘ ትዊን ኦተር ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ጣቢያ ሲሄድ በምዕራብ ኢትዮጵያ በመጥፎ አየር ተራራ መታ። አሜሪካውያንና ኢትዮጵያውያን፣ በድምሩ 16 ሰዎች ሞቱ። ስብርባሪው የተገኘው ከስድስት ቀን ፍለጋ በኋላ ነው። የነሐሴን ሰማይ ለሚያውቅ ሰው ፈላጊዎቹ ምን ያህል እንደተቸገሩ መገመት አይከብድም።

ስለ ኔፓል ሲነሳ ሉክላ ሳይነሳ አይታለፍም፤ የዓለም አደገኛው ማረፊያ እየተባለ ፎቶው ስለሚዞር። 2,845 ሜትር ላይ ነው። ማኮብኮቢያው 527 ሜትር ብቻ ነው፤ የቦሌ አንድ ሰባተኛ። ያም ሆኖ ሜዳ አይደለም፤ ወደ 12 በመቶ የሚጠጋ ዳገት አለው። አንዱ ጫፉ ገደል ነው፤ ሌላው ጫፉ የተራራ ግድግዳ። ማረፍ ወደ ዳገቱ ብቻ፣ መነሳት ወደ ቁልቁለቱ ብቻ ነው። ዳገቱ የሚያርፈውን ያቆመዋል፣ ቁልቁለቱ የሚነሳውን ያንደረድረዋል፤ በአጭር ቦታ ላይ የተገኘ ብልሃት ነው። ነገር ግን ወደ መጨረሻው የገባ አብራሪ ሐሳቡን ቀይሮ ሽቅብ መውጣት አይችልም፤ ፊቱ ተራራ ነው። ኦክቶበር 8 ቀን 2008 አንድ የየቲ ኤርላይንስ ትዊን ኦተር በመጨረሻዋ ሰዓት ጉም ገጥሞት ከማኮብኮቢያው ጫፍ በታች ካለው ቋጥኝ ጋር ተጋጨ፤ ከ19 ሰዎች የተረፈው አንድ ነው።

ሉክላን በ1964 ያሠሩት የኤቨረስቱ ሰር ኤድመንድ ሂላሪ ናቸው፤ ለሼርፓዎች ለሚሠሯቸው ትምህርት ቤቶችና ሐኪም ቤቶች ዕቃ ማመላለሻ እንዲሆን። በማርች 1975 ባለቤታቸው ሉዊዝና ትንሿ ልጃቸው ቤሊንዳ እሳቸው ሐኪም ቤት ወደሚያሠሩበት ፋፕሉ ሊሄዱ ከካትማንዱ እንደተነሱ አውሮፕላኑ ወድቆ ሁለቱም ሞቱ። ሂላሪ ከዚያ በኋላም ኔፓልን አልተዉም። ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ከሩቅ ሆኖ «እንዲህ ያለ ማረፊያ ለምን አይዘጋም?» ማለት ይቀላል። ለሉክላና ለመሰሎቿ አውሮፕላን የቱሪስት ቅንጦት አይደለም፤ ምጥ የያዛትን ሴት ሐኪም ቤት የሚያደርስ፣ ክትባትና ሩዝ የሚያመጣ፣ የብዙ ቀን የእግር መንገድን ወደ ደቂቃ የሚያሳጥር ነው። ማረፊያው ይኑር ወይስ አይኑር የሚለው ክርክር ከሰዎቹ ኑሮ ጋር አይገናኝም። የሚያከራክረው እንዴት ይበረርበት የሚለው ነው።

ሁሉንም በተራራው ማሳበብ የሚወድ ሰው ደግሞ ጃንዋሪ 15 ቀን 2023ን ይመልከት። ቀኑ ጥርት ያለ ነበር። የየቲ ኤርላይንስ ኤቲአር 72 ከካትማንዱ ተነስቶ ከሁለት ሳምንት በፊት ወደተከፈተው አዲሱ የፖካራ ማረፊያ እየገባ ነው። አውሮፕላኑን የምታበረው ካፒቴን ከአዲሱ ማረፊያ ጋር እየተለማመደች ነበር፤ አጠገቧ አሠልጣኝ ካፒቴን አለ። ፍላፑን 30 ላይ እንዲያደርግላት ጠየቀችው። አሠልጣኙ እሺ አለና እጁን ሰደደ፤ የያዘው ግን የፍላፑን እጀታ ሳይሆን አጠገቡ ያሉትን፣ የፕሮፔለሮቹን ሁኔታ የሚወስኑትን ሁለት እጀታዎች ነው። የፕሮፔለሮቹ ምላጮች ጠርዛቸውን ለነፋስ ሰጥተው አየር መግፋት አቆሙ። ሞተሮቹ እየሠሩ አውሮፕላኑ ግን የሚገፋው አጣ። አብራሪዋ ከሞተሮቹ ኃይል እንደሌለ ተናገረች። ከስህተቱ እስከ ውድቀቱ አንድ ደቂቃ ያህል ነበር፤ በዚያች ደቂቃ ሁለቱም እጀታዎቹን አላዩም። 72 ሰዎች ሞቱ። የዚህችው አብራሪ ባለቤትም አብራሪ ነበር፤ በ2006 በዚሁ ኩባንያ አውሮፕላን ላይ ሕይወቱ አልፏል።

እዚህ ውስጥ ተራራ የለም? አለ፤ ግን በስተጀርባ ነው። አዲሱ ማኮብኮቢያ ባለበት ጠባብ ሸለቆ ወደ መረጡት አቅጣጫ ለመግባት በአጭር ጊዜ ጠበብ ያለ ዙር መዞር ያስፈልጋል። ሥራው ይደራረባል፣ ንግግሩ ይበዛል፣ እጅ ከዓይን ይቀድማል። ምርመራው በቂ ሥልጠና አለመሰጠቱንና በአዲሱ ማረፊያ ምክንያት የነበረውን የሥራ ጫና ከምክንያቶቹ መካከል አስፍሯል።

ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይቶ፣ ጁላይ 24 ቀን 2024፣ የሳውሪያ ኤርላይንስ ጄት ለጥገና ወደ ፖካራ ሊሄድ ከካትማንዱ ሲነሳ ወደቀ፤ ከ19 ሰዎች የተረፈው ካፒቴኑ ብቻ ነው። አብራሪዎቹ የተጠቀሙበት የመነሻ ፍጥነት ሰሌዳ የተሳሳተ ቁጥር ነበረው። ያን ሰሌዳ ማን አዘጋጀ? ማን አጸደቀ? ማን መረመረ?

ጥያቄው የሚያደርሰው ወደ ኔፓል ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ይህ መሥሪያ ቤት ሕግ ያወጣል፣ ፈቃድ ይሰጣል፣ ይቆጣጠራል። ይኸው መሥሪያ ቤት የአውሮፕላን ማረፊያዎችን ይሠራል፣ ያስተዳድራል፣ የማማ ተቆጣጣሪዎችን ይቀጥራል፣ ከማረፊያዎቹም ገቢ ይሰበስባል። ማረፊያው ጉድለት ካለበት ባለሥልጣኑ የሚቀጣው ራሱን ነው። የአውሮፓ ኅብረት በዲሴምበር 2013 የኔፓልን አየር መንገዶች በሙሉ ከሰማዩ ሲያግድ ዋናው ቅሬታው በቁጥጥሩ ላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም መሥሪያ ቤቱ ለሁለት እንዲከፈል በተደጋጋሚ ጠይቋል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በዚያው በ2013 ያስመዘገበውን ከባድ የደህንነት ሥጋት በ2017 አንስቶለታል፤ በመሃል የተሠራ እውነተኛ ሥራ መኖሩን መካድ አይገባም። የአውሮፓው እገዳ ግን አልተነሳም።

ያው ሂማላያ ላይ፣ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ቡታን አለች። የፓሮ ማረፊያዋ 2,235 ሜትር ላይ በጠባብ ሸለቆ የተቀመጠ ነው። ዙሪያውን ያሉት ጫፎች እስከ 5,500 ሜትር ይደርሳሉ፤ አውሮፕላኑ በኮረብቶች መሃል እየተጠማዘዘ ገብቶ ማኮብኮቢያውን የሚያየው በመጨረሻው ጊዜ ነው። የአገሪቱ አየር መንገድ ድሩክኤር በ1983 መብረር ከጀመረ ወዲህ አንድ መንገደኛ የገደለ አደጋ አላደረሰም። ፓሮ የሚያርፉት ለዚያው ማረፊያ ተለይተው የሠለጠኑና ፈቃድ የተሰጣቸው ጥቂት አብራሪዎች ናቸው። የሚያርፉት በቀን ብርሃን፣ ሸለቆውን እያዩ ነው። አየሩ ካልፈቀደ ወይ አይነሱም፣ ወይ ወደ ሕንድ ከተሞች ዞረው ይሄዳሉ። መንገደኛው ይቆጣል፣ ሆቴል ያድራል፣ በማግስቱ ይገባል። በእርግጥ ቡታን የምታበርረው በጣም ጥቂት ነው፤ የኔፓልን ያህል በየተራራው ጥግ የተበተነ ማረፊያና በየጠዋቱ የሚጠብቅ ሕዝብ የለባትም። ቁጥሩን እንዳለ ማወዳደር ለኔፓል ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ቢሆንም ከደመናው ፊት የቆመ አብራሪ «ዛሬ አልሄድም» ሲል ከኋላው የሚቆምለት መሥሪያ ቤት መኖሩ በማረፊያ ብዛት የሚወሰን ነገር አይደለም።

ካትማንዱ ውስጥ ባለሥልጣኑን ለሁለት የሚከፍሉ ረቂቅ ሕጎች ተዘጋጅተዋል፣ ፓርላማም ገብተዋል፣ ሳይጸድቁ የምክር ቤቱ ዘመን አልቆባቸው ያውቃል። ከእያንዳንዱ አደጋ በኋላ መንግሥት የምርመራ ኮሚሽን ያቋቁማል። ኮሚሽኑ በትጋት ይሠራል፣ ሪፖርቱን ያስረክባል፣ ይበተናል። የ2016ቱ ሪፖርት ለማስጠንቀቂያ መሣሪያው ጆሮ አለመሰጠቱን በጽሑፍ አስፍሮ ነበር፤ የ2022ቱ ትዊን ኦተር መሣሪያው ጠፍቶ የበረረው ያ ሪፖርት ከወጣ በኋላ ነው።